እጅጌው የተገመተለት መስታወት

ሆሊስ ታገርት አንድን ሌንስ አይቶ «ንጹህ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ። ከእሱ በኋላ ያንን ሌንስ ማንም ደግሞ አያይም። ሕግ ሆኖ የትም አልተጻፈም፤ ግን በእኛ ፋብሪካ ከሆሊስ በኋላ ማየት፣ ሽማግሌ ጸሎት ካሳረገ በኋላ ተነሥቶ «እስቲ እኔ ደግሞ ላሳርግ» እንደማለት ነበር። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ነውር የደፈረ አንድ ሰው ነው የማስታውሰው። እሱም ከኒው ጀርሲ የመጣ ስለነበር አያውቅም ብለን ይቅር አልነው።

ፋብሪካው ሮቸስተር ውስጥ ወንዙ ዳር ያለ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው የሚሠራበት አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው። ባለቤቱ ካርሚን ዲሳልቮ ከአባቱ ወርሶት ነው። እኔ የመስታወት ክፍሉን እይዝ ነበር። ተቆርጦ፣ ተሞርዶና ተወልውሎ ሌንስ ከመሆኑ በፊት ጥሬው መስታወት የሚቀመጥበትን ክፍል ማለቴ ነው፤ ጡብ ጡብ የሚያህል፣ ሲያነሡት ከሚታየው በላይ የሚከብድ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ልጆቼ፣ የማወራችሁ የገባኝን ያህል ነው።

በእያንዳንዱ መስታወት ጠርዝ ላይ በነጭ ቀለም ስድስት ቁጥር እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መስታወቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ ሦስቱ ደግሞ ቀለማትን ምን ያህል እንደሚበታትን። መስታወቱ ከባሕር ማዶ ሲመጣ አንድ ወረቀት ተያይዞለት ይመጣል፤ እዚያ ላይ ከስድስቱ ሌላ ብዙ ቁጥር አለ፤ ለቀዩ ይህን ያህል፣ ለሰማያዊው ይህን ያህል፣ ለወይን ጠጁ ይህን ያህል እያለ። የልደት ወረቀቱ እለው ነበር። ድሮ ሁሉንም በሣጥን አስቀምጥ ነበር። ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ያዛወርን ጊዜ የያኔው አለቃዬ ዊትኮምብ ሣጥኖቹን አየና፣ «ኦዴል፣ ስድስት ቁጥር ይበቃል፤ ወረቀት የሚቀልበው አይጥ ነው» አለኝ። ጣልኩት። አዝኜም አይደለም፤ ቦታ ስለሰፋልኝ ደስ ብሎኝ ነው።

ሆሊስና እኔ የፍሎሪዳ፣ የሳንፎርድ ሰዎች ነን። ባቄላ ልንለቅም በአንድ የጭነት መኪና ተጭነን ነው ወደዚህ የመጣነው፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመታችን። ባሌ የእሱ ጓደኛ ነበር፣ ሚስቱ ቨርና የእኔ። ሁለቱም ዛሬ የሉም። ቨርና ከሞተች ወዲህ ለሆሊስ የቀረችው በጨለማው ኮሪደር ጫፍ ያለች ወንበሩ ነበረች። በኮሪደሩ በወዲያኛው ጫፍ መብራት አለ፤ መብራቱ ፊት በመርፌ የተበሳ ቆርቆሮ። ሌንሱን መሃል ላይ ያስቀምጥና ያቺን የመርፌ ቀዳዳ ያያል። መልካም ሌንስ ነጥቧን ነጥብ አድርጎ ያሳያታል፤ መጥፎው ዙሪያዋን ቀለም ያፈሳል። ማሽኖቻችን ሁሉ የሚፈትሹት በአንድ ቀይ ብርሃን ብቻ ነው። ቀለማቱ ሁሉ ተስማምተው አንድ ቦታ መግባታቸውን የሚያየው የእሱ ዓይን ነበር። ያቺ ወንበር ከተወሰደች ሰውየውም አብሮ እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የደረሰው እሱ ስልሳ ስምንት፣ እኔ ስልሳ ስድስት በሆንንበት ዓመት ነው። በጃንዋሪ አንድ ቀን ቲያ ዛሬምባ ወደ ክፍሌ ወረደች። ቲያ የሌንሶቻችንን ቅርጽ በኮምፒውተር የምታወጣ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነች። በጣም ጠንቃቃ ናት፤ ሻይዋን እንኳ ሰዓት አይታ ነው የምታወጣው።

«ሚስ ኦዴል፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«ከበሩ ጀምረሽ ከለመንሽማ ትልቅ ነገር ነው።»

ሳቀች። ነገሩ ይኸው ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ያለ አንድ ሙዚየም ከየሰው ቤት የተዋሳቸውን ሥዕሎች ፎቶ የሚያነሣበት አራት ሌንስ አዝዟል። ሥዕል ነውና ቀለም አንዱ ከሌላው ቀድሞ መግባት የለበትም፤ ከቀዩ እስከ ወይን ጠጁ እኩል። አንዱ ሌንስ ውስጥ አምስት መስታወት ይገባል። ከአምስቱ አንዱ ያ እርሳስ የሚሉት ብረት የተቀላቀለበት የድሮው ከባድ መስታወት መሆን አለበት፤ እሱን ደግሞ መስታወት ሠሪዎቹ እርሳስ ክልክል ሆኗል ብለው መሥራቱን ትተዋል።

ታችኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የጠቀለልኳቸው ሁለት ነበሩኝ። አወጣሁላት። ጠርዙን በጣቷ ጠረገችና ቁጥሬን አነበበች።

«ስሙስ?»

«ስሙ ጠፍቷል።»

«ወረቀቱስ?»

ይህን ስትጠይቀኝ የዊትኮምብ አይጦች ትዝ አሉኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እነዚህን ስድስት ቁጥሮች የሚጋሩ እኔ የማውቃቸው እንኳ ሦስት ዓይነት መስታወቶች አሉ፤ ይሄ የትኛው ይሆን?» አለች፤ ለራሷ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ስድስቱን ነው የማውቅልሽ።»

ተያይዘን ወደ ጠረጴዛዋ ወጣን። ሆሊስ እዚያ ምሳውን፣ ሰናፍጭ የፈሰሰበት ነጭ ሆትዶጉን ይበላል፤ ከምግብ አዳራሹ ይልቅ የቲያ ክፍል ይሞቃልና። ቲያ ስድስቱን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ፕሮግራሙ ጥቂት ዝም አለና የቀረውን ሁሉ ደረደረ።

«ከየት አመጣው?» አልኳት።

«ገመተ። ልብስ ሰፊን ያስቡ፣ ሚስ ኦዴል። ቁመትና ወገብ ነገርኩት፤ እጅጌውን ከራሱ ሞላ። ቁመታቸውና ወገባቸው እንዲህ የሆነ ሰዎች አብዛኞቹ እጃቸው ይህን ያህላል ብሎ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው።»

«ብዙ ጊዜ?» አለ ሆሊስ አፉ እንደሞላ።

«አረንጓዴው ላይ ልክ ነው። ቀዩም ላይ ልክ ነው። ሰማያዊውም ከሞላ ጎደል። የምፈራው ወይን ጠጁን ነው። መስታወቱ ተራ ከሆነ ግምቱ አያሳፍርም፤ ስሕተቱ ከነጥብ በኋላ አምስተኛው ቁጥር ላይ ነው። አመለኛ ከሆነ ግን…»

«ክንደ ረጅም ከሆነ በያ! እንደ አጎቴ ሉሽየስ። በሠርጉ ቀን ሱሪው ልክ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ልክ፤ ቀለበት ሊያጠልቅ እጁን ቢዘረጋ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ቄሱ ሳቀ፣ ሙሽራዋ ሳቀች፣ ‹እፈቅዳለሁ› እስክትል አሥር ደቂቃ ፈጀ።»

ቲያም ስቃ ሳትጨርስ ካርሚን ገባ። ከመስታወቱ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ወደሚለካበት ቦታ ልትልክ እንደምትፈልግ፣ መልሱ በስድስት ሳምንት እንደሚመጣ ነገረችው።

«ስድስት ሳምንት?» አለ ካርሚን። «የኖኅ ዝናብ እንኳ ስድስት ሳምንት አልሞላም! ሥዕሎቹ በማርች መጨረሻ ወደየባለቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሌንሱን ለማን ልሸጠው ነው?»

«ግምት ላይ ሌንስ አልሠራም፣ ካርሚን።»

«ፕሮግራሙን የገዛሁልሽ እንዲገምት አይደል?»

ያኔ ሆሊስ አፉን በወረቀት ጠረገና፣ «ሥሩት» አለ። «ወይን ጠጁ ካፈተለከ እኔ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ አይላክም። ካላፈተለከ ግምቷ ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ለምን እዚያ ተጎልቼ የምውል ይመስላችኋል?»

ካርሚን በእጁ አመለከተው፤ «ይኸው! የሆሊስ ዓይን እያለ ምን መለኪያ ያስፈልጋል?»

ቲያ አየችውና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ለእሱ ክብር ብላ ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ነኛ።

ሌንሶቹ በፌብሩዋሪ ማለቂያ ደረሱ። ሆሊስ በዚያን ቀን ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ውጪው ጠራራ ፀሐይና በረዶ ነው፣ ኮሪደሩ ግን እንደ ጉድጓድ ጨለማ ነው። ቲያና እኔ ከኋላው ግድግዳው ላይ ተደግፈን ቆምን። የመጀመሪያውን አየ፤ በቀኝ ዓይኑ፣ ከዚያ በግራው። ሌንሱን ዞር አደረገ፣ ደግሞ አየ። አይቸኩልም፤ ቸኩሎም አያውቅ።

«ንጹህ ነው።»

ሁለተኛው። «ንጹህ።» ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

ቲያ ከግድግዳው ተላቀቀች። አንድ እርምጃ ወደ ወንበሩ ሄደች፤ እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈች። ሆሊስ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግርምት ብቻ።

«ምነው ልጄ፣ የጎደለ ነገር አለ?»

«አይ፣ ምንም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚስተር ሆሊስ።»

እጇን አነሣች። ስንወጣ እኔን፣ «ፕሮግራሙም ንጹህ ነው ብሎኛል እኮ» አለችኝ። እኔም፣ ሁለት ምስክር ከተስማማ ሦስተኛው ለምኑ ነው አልኳት። እንዲህ አልኳት፤ አልደብቃችሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑ ተመልሶ መጣ። ከሌንሶቹ ጋር አንድ ፖስታ ሙሉ ፎቶ። ካርሚን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። አንዲት የጥንት ወይዘሮ ናት፤ ጥቁር ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ዳንቴል። የዳንቴሉ እያንዳንዷ ክር ጠርዙ ወይን ጠጅ ነክቶታል፤ የተነከረ ጣት የዳሰሰው ይመስል። በፎቶው ላይ ለእኔም ታየኝ፣ ለሆሊስም ታየው።

«ፊልማቸው ነው» አለ ሆሊስ። «ወይ መብራታቸው ነው። ሌንሱ ንጹህ ነው።»

«እስቲ አንዴ ድገምልን» አለው ካርሚን፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

ወደ ኮሪደሩ ሄድን። ሆሊስ ተቀመጠ፣ አየ፣ ቆየ። «ካርሚን፣ አባትህ ይህችን ወንበር ሲሰጠኝ አንተ ገና ጢምህን ታበቅል ነበር። ንጹህ ነው እልሃለሁ።»

ቲያ ወደ ፊት መጣች።  «ሚስተር ሆሊስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቆሞ ወንበሩን ለቀቀላት። ሌላ ምን ያድርግ? እሷም፣ እናንተዬ፣ ተቀምጣ ዓይኗን አስጠጋች።

«ቀለበት አለው» አለች። «ነጥቧን ዙሪያዋን ከቧታል።»

«እህት ኦዴል!» አለ ሆሊስ። በቤተ ክርስቲያን ስሜ ነው የጠራኝ። «ነይ አንቺ እይ። አንቺ ለማንም አታደዪም።»

ተቀመጥኩ። የጨው ፍሬ የመሰለች ነጭ ነጥብ፤ ዙሪያዋ ጨለማ፤ ሌላ ምንም የለም። ዓይኔን እስኪያቃጥለኝና እስኪያስለቅሰኝ ድረስ አየሁ። «እኔ ምንም አላይም» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

ሆሊስ እጁን አጨበጨበ። «አላልኳችሁም!»

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምናልባት ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ቲያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ሚስ ኦዴል፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«አሁን ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

አልመለሰችልኝም። በሩን ከፍታ ማሪሶልን ከማለስለሻው ክፍል ጠራቻት። ማሪሶል ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ገና ዓይኗን ሳታሳርፍ፣ «ኧረ በስመ አብ! ይሄ ነው ንጹህ? ሰሐን የሚያህል ነው!» አለች፤ ከዚያ ሆሊስን ጨለማው ውስጥ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች። ካርሚን ሃምሳ ሁለት ነው፤ እሱ ብዙ አየና፣ «አለ… ጭጋግ ነገር። ስስ ነው» አለ። ከማሸጊያው የመጣችው በርኒስ ወደ ስልሳው እየገባች ነው፤ «እንጃ፤ አለ ስላላችሁ ነው መሰለኝ የመሰለኝ» አለች። እኔ የለም ብያለሁ። ሆሊስ የለም ብሏል።

ማንም በዕድሜ ተሰለፉ አላለንም። ግን ተሰልፈን ነበር። ቀለበቱም በሰልፉ ልክ እየከሳ፣ እየከሳ ሄዶ እኛ ጋ ሲደርስ የለም።

«እንግዲህ ዓይኔ ነዋ» አለ ሆሊስ።

ቲያ አጠገቡ ቆማ አስረዳችው። በሰው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ቢጫው መጀመሪያ የሚያስቀረው ወይን ጠጁን ነው።

«ታዲያ ነጩ ለምን ነጭ ሆኖ ይታየኛል? ቢጫ መሆን ነበረበት።»

«አእምሮዎ ይሞላዋል። ነጭ ይህን ይመስላል ብሎ ያውቃል፤ የጎደለውን ከራሱ ይጨምራል።»

«ይገምታል።»

«አዎ።»

«እንደ ፕሮግራምሽ።»

 «እንደ ፕሮግራሙ» አለች ቲያ። «ሁለታችሁም ያላያችሁትን ሞላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሁለታችሁን አመንኩ።»

«ይህን ያህል ዓመት ሲያጭበረብረኝ አንድ ቀን አይነግረኝም?»

ካርሚን ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻውን ይዞ፣ «ዓይንህን ታከም፣ ሆሊስ። እስክትድን ማሪሶል ትቀመጣለች። ስትድን ወንበርህ ወንበርህ ነው፤ በአባቴ» አለው። ማሪሶል አለቀሰች። ሆሊስ ነው ያባበላት።

ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ እንዳለባቸው ነገረን። በኤፕሪል መጨረሻ ቀኙን ሠሩለት፤ ያረጀውን አውጥተው ከፕላስቲክ የተሠራ አንድ ትንሽ ሌንስ አስገቡለት። ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ፋሻው በተነሣ ማግስት በሃይላንድ ፓርክ በኩል ስናልፍ ላይላክ የሚባሉት ወይን ጠጅ አበቦች ማበብ ጀምረው ነበርና፣ «አቁሚ» አለኝ። በመስኮት ብዙ አየ። «ቨርና በመጨረሻው ዓመቷ ‹ዘንድሮ እንዴት ደምቀዋል› ስትለኝ፣ ‹የት ደመቁ፣ አመድ መስለዋል› ብዬ ተጣላኋት» አለኝ።  እኔም መኪናውን አስነሣሁ።

እሱ በሌለበት ቲያ ያንን ቁራጭ ቆርጣ ልካ ነበር። በሜይ መጀመሪያ መልሱ መጣና ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ ወረደች።

«አረንጓዴ ልክ። ቀይ ልክ። ሰማያዊ ከሞላ ጎደል ልክ። ወይን ጠጁ በሦስት ተዛንፏል።»

«ከስንት ሦስት?»

«ከአሥር ሺህ ሦስት።»

«ይቺን ለምታክል ነው ይሄ ሁሉ?»

«ፕሮግራሙ በመመሪያው ላይ ጽፎታል፣ ሚስ ኦዴል። ለአብዛኛው መስታወት እስከዚህ ድረስ ልክ ነኝ፣ ለአመለኞቹ አይደለሁም ይላል። አንብቤዋለሁ። የእኛ አመለኛ ሆነ።» ተቀመጠች። «ያን ቀን እጄን ወንበሩ ላይ አሳርፌ ነበር። አይተውኛል አይደል?»

«አይቼሻለሁ።»

«ለምን አልተቀመጥኩም?»

«እኔስ ወረቀቱን ለምን ጣልኩት? ዊትኮምብ ቢኖር እሱን እንጣላው ነበር፤ እሱም አመለጠን።»

ወረቀቷን ተቀብዬ መስታወቱ ላይ አሰርኩት። ተራፊው አንድ ጡብ ነው፤ ለማንም የሚበቃ አይደለም። የሙዚየሙ ሥዕሎችም ግማሾቹ ቤታቸው ገብተው፣ የቀሩት ቀን ተጨምሮላቸው ነበር። ቢሆንም ካርሚን ቃሉን ሊጠብቅ፣ ቲያ ወረቀት ባለው ሌላ መስታወት ሌንሶቹን እንደ አዲስ አወጣች፤ ልጆቹም ሠሯቸው።

ሆሊስ የተመለሰው እነሱ በደረሱበት ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ኮሪደሩ አፍ ላይ ተሰበሰበ። ማሪሶል ወንበሩን በጨርቅ ወልውላ ጠበቀችው።

«በመጀመሪያ ያንን ያሳፈረኝን አምጡልኝ» አለ።

አሮጌውን ሌንስ አስቀመጡለት። በአዲሱ በቀኙ አየ። ትከሻው ወደቀ።

«አቤት… ይህን ነው ያሳለፍኩት?» ቀኙን ጨፍኖ በግራው አየ። «የለም።» በቀኙ፤ «አለ።» በግራው፤ «የለም።» ስንቴ እንዳደረገው እንጃ። በርኒስ፣ «ይበቃል፣ ሆሊስ» አለችው።

ካርሚን ሳቅ አለ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ዓይንህ ተመለሰ! በል አዲሱን እይልን።»

አዲሱን ሌንስ ማሪሶል አይታው ነበር፤ ንጹህ ነው ብላለች። ቲያም አይታዋለች። ፕሮግራሙ፣ አሁን በግምት ሳይሆን በልክ፣ ንጹህ ነው ብሏል። የቀረው የሆሊስ ቃል ብቻ ነበር። እሱን ለመስማት ጠጋ አልኩ።

አየ። ዞር አደረገው። አየ።

«ወይን ጠጅ አለው» አለ።

ቲያ ተቀመጠችና አየች። «የለም፣ ሚስተር ሆሊስ።» ማሪሶል አየች። «የለም፣ አባባ፤ እውነቴን ነው።»

«የሁለተኛውን ስጡኝ።» ሰጡት። «አለው።» ሦስተኛው አለው። አራተኛው አለው። ከመደርደሪያው አባትዬው ዲሳልቮ በሕይወት ሳለ የተሠራ፣ ለእንግዳ የምናሳየውን ሌንስ አመጡለት። «ይሄም አለው።» በመጨረሻ ሌንሱን ሁሉ አስነሥቶ፣ በባዶ ዓይኑ ብቻ ያቺን የመርፌ ቀዳዳ አየ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ፊቱን አየሁት።

«መብራቱም አለው» አለ።

ቲያ ገባት። እኔ ቆይቶ ነው የገባኝ። የእኛ የሁላችን ዓይን፣ የማሪሶልም ሳይቀር፣ ወይን ጠጁን በመጠኑ ያስቀራል፤ ያቺ ፕላስቲክ ግን የምታስቀረው የለም። ሰው ሊያየው የማይገባውን ሁሉ ታሳልፍለታለች።

«ቲያ፣ ዓይኔ ውስጥ ያለችው ቁጥሯ ስንት ነው? ብትነግሪኝ ቀንሼ አየው ነበር።»

«አላውቀውም፣ ሚስተር ሆሊስ። ባውቀውም በምን እንደሚቀነስ አላውቅም።»

ካርሚን ወንበሩን አሳየው። «ምን አለበት፣ ሆሊስ፤ ተቀመጥ። ማሪሶል ታያለች፣ አንተ ትፈርማለህ።»

«ካርሚን፣ በግራዬ ሁሉም ንጹህ ነው። በቀኜ አንድም ንጹህ የለም። የትኛውን ነው የምፈርምልህ?»

 ሆሊስ ኮፍያውን አነሣ። ማሪሶል ወንበሩ አጠገብ ቆማለች፤ እሱ ከኮሪደሩ እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጠችም። ተከትዬው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብተን ቁልፉን አዞርኩ፤ ግን አልነዳሁም።

«ግራውን ለጁን አሥራ ሁለት ቀጥረውኛል» አለኝ። «ካልተሠራ በዓመት ውስጥ ይጋረዳል ይላል ሐኪሙ። ከተሠራ ደግሞ ‹ንጹህ ነው› የሚለው ዓይን አይቀርልኝም። ልሂድ ወይስ ልቅር፣ እህት ኦዴል?»

ስንት ነገር መከርኩት በዚያ ሁሉ ዓመት፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቨርና መቃብር፣ ስለ ደም ግፊቱ። ሞተሩ ይጮኻል። ወደ እኔ ዞሮ በሁለቱም ዓይኖቹ ይጠብቀኛል። እጄን ዘርግቼ ሞተሩን አጠፋሁት።